ወንፊቱ በር

መስከረም 23፣ ዓርብ። ጠዋት ወደ ማታር በጀልባ የተጫነ፦ ጨው አሥር ጆንያ፣ ሳሙና አራት ካርቶን። ከሱቅ የተሸጠ፦ አንድ የዓሣ መረብ ብቻ። ከዚያ ዘጋሁ።

ኦሞዴ፣ ከተለያየን ሃያ ዓመት አልፏል። በገበያ ሰዓት ሱቅ እንደማልዘጋ ታውቃለህ። ዛሬ ግን ዋጋ መጥራት እንኳ አቃተኝ። አትደንግጥ፣ ከደስታ ነው።

ስለ በራችን ልንገርህ። እኔና ልጃችን አሪየት በጓሮ ወጥተን ወደ ባሮ ወንዝ እስክንሮጥ፣ ታጣቂዎቹ እንዳይገቡ በትከሻህ ደግፈህ የያዝከው የቆርቆሮ በር አሁንም አለ። የጭቃውን ግድግዳ በብሎኬት ቀይሬያለሁ፤ ጣሪያውንም ሁለቴ አድሻለሁ። በሩን ግን አልነካሁትም። ክረምት በመጣ ቁጥር በጥይቱ ቀዳዳ ዝናብ እየገባ ስኳሬን ያበሰብሰዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚህ ሰፈር የመጡት ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ቆርቆሮ እየሸጥሽ በርሽ ወንፊት! ዱቄት ልትነፊበት ነው?» ይሉኝ ነበር። እኔም «ለእርስዎ ጤፍ ልነፋልዎት ነው» እላለሁ። የሚፈልገው ሰው እስኪመጣ ዕቃ አስቀምጦ መጠበቅ ሥራዬ አይደል?

አንተን ያኔ «ከሱቁ ውስጥ ሲተኩስ የተገደለ» ብለው ነበር የመዘገቡህ። አንተን! ዶሮ እንኳ ጎረቤት እንዲያርድልህ የምትለምነውን! አሪየት ልጅ ሳለች «የተኳሽ ልጅ» ብለዋት ስታለቅስ ከትምህርት ቤት መጥታለች።

ዛሬ የዚያን ጊዜውን ግፍ የሚያጣሩ መርማሪዎች መጡ። አንዷ ወጣት ናት። በሩን ከውጭ አየችው፤ ገብታም ከውስጥ በኩል ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። የሁሉም ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። «እናቴ፣ ከውስጥ የተተኮሰ አንድም የለም። ሁሉም ከውጭ የመጣ ነው» አለች። ጮክ ብላ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ!

እትዬ ብርቄ አልሳቁም። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስቀልድብሽ ዝም ትያለሽ?» ብለው ተቆጡኝ፤ ከዚያ አቅፈውኝ አለቀሱ። አሪየት አሁን ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ነርስ ናት፤ ስደውልላት «አባዬ!» ብላ ስትጮህ በሽተኞቿ ደነገጡ አሉ።

በሩን ለማስረጃ ሊወስዱት ነው። ማኅተም ያለው ደረሰኝ ካልሰጣችሁኝ አይነቀልም አልኳቸው፤ ሰጡኝ። ሲጨርሱ እንዲመልሱትም አጽፌአለሁ። ፍርዱ ገና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅም የሚነግረኝ የለም። ስምህ ግን ዛሬ ጸዳ፣ ኦሞዴ! በሩ ባይኖርም፣ ሱቁን ስከፍትና ስዘጋ አንተን ሳልጠራ አልውልም።

ነገ፦ በማለዳ ብየዳ ቤት ሄጄ ማጠፊያውን የሚፈታ ሰው ይዤ መምጣት። በሩን ባጃጅ አይችለውም፣ ጋሪ መከራየት። የአዲሱን በር ልኬት መስጠት።