አክስቴን በሁዳዴ ቁርጥ ስላበሉልኝ

ለተከበሩ የ«ቅመምና መንገድ» የቴሌቪዥን ተከታታይ ዝግጅት ዋና አዘጋጅ
ካሉበት

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎ፣ የቤትዎ ሰላም፣ በተለይም የምግብ ፍላጎትዎ ሳይጓደል እንዲቆይልዎ እየተመኘሁ፣ የዝግጅትዎን መግቢያ የሠራሁት የወላይታ ሶዶዋ ዲዛይነር፣ ካስረከብኩዎ በኋላ ሥራዬን ስላሳመሩልኝ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድሁ።

እንደሚያስታውሱት አክስቴ አገርነሽ በድንጋይ ላይ ዳጣ ትፈጫለች፤ ቦይና የምንለውን ቅቅል ጎደሬ በዳጣው አጥቅሳ ስትጎርስ የዝግጅቱ ስም ብቅ ይላል። የቀረጽነው አምና በሁዳዴ ስለነበር ከሥሩ «ሶዶ፣ በዐቢይ ጾም» ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ አደራ፣ ጾሜን እንዳታስገድፉኝ።» እኔም እርስዎን አምኜ ቃል ገባሁላት።

ምስጋናዬም የሚከተለው ነው፤

1ኛ. ቦይናው «አይማርክም» ብለው አውጥተው፣ ከሥጋ ቤት የተቀረጸ የማላውቀው ሰው እጅ ቁርጥ ሲያጠቅስ ስላስገቡበት። አሁን አክስቴ ትፈጫለች፣ ቁርጡ ዳጣው ውስጥ ይገባል፣ አክስቴ ታኝካለች።

2ኛ. ይህን ሁሉ ሲለውጡ ስለ ጾሙ የጻፍኩትን ሳይነኩ ስለተዉልኝ። የሰው ሥራ ማክበር እንዲህ ነው እንጂ! ይኸው በየእሑዱ ማታ አክስቴ ጾም ስትገድፍ አገር ያያል።

3ኛ. ደውዬ ብለምንዎ «ማን ልብ ይለዋል?» ስላሉኝ። ልብ ያሉትን ልንገርዎ። የማኅበር ጓደኞቿ ልብ ብለዋል። ሻንቶ ገበያ ስትወርድ የባጃጅ ሾፌሮቹ ቁርጡ እንዴት እንደነበር ይጠይቋታል። የነፍስ አባቷም አስጠርተዋት ቦይና ነው ብላ ብትምል፣ በዓይናቸው ያዩትን እንዴት ይካዱ? ከልጅነቷ አንድ ጾም ያላጎደለች ሴት ዛሬ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች።

ክቡርነትዎ፣ ደሜ ፈልቷል። ያዋረዷት በእኔ እጅ ነው። ስለዚህ ወይ ሥጋውን ያውጡ ወይ ፊቷን ያውጡ፤ በዚያው ሰዓትም ሴትዮዋ የበላችው ቦይና መሆኑን በራስዎ አንደበት ይንገሩልን። ጎደሬ የሚለው ቃል ለአንደበትዎ ካልከበደ ማለቴ ነው።

በሥጋ አመራረጥዎ እጅግ የተደነቀች፣ ስሟን ከመግቢያው እንዲፍቁላት በታላቅ አክብሮት የምትማጸን፣

ሐመልማል ቦልቴ
ወላይታ ሶዶ

ሳልረሳው፦ ዘንድሮ በፋሲካ የአክስቴ ወንድም ጌታሁን ከቅርጫው ምርጡን ቆርጦ ቢያቀርብላት ሳህኑን ገፋችና «እኔ አምና በሁዳዴ በልቼዋለሁ» አለችው። እስካሁን ሥጋ በአፏ አልዞረም። ድርሻዋ ለእርስዎ ተቀምጧል፤ ሲመጡ ፊቷ ቁጭ ብለው ይበሉላታል።