እማማ ክፍል ያስገባሁት ከሰል

ውድ ኢሳያስ፣

ደብዳቤ ምን አመጣው ብለህ እንዳትደነግጥ። ወይም ደንግጥ፤ ብቻዬን መደንገጥ መሮኛል። ከማክሰኞ ጀምሮ መብራት የለም፣ ኔትወርኩም አብሮ ጠፍቷል። ይህን አንተ ወዳለህበት ወደ ደካ ለሚመጣ የሚኒባስ ሾፌር ነው የምሰጠው። እናትህ በሕይወት አሉ። መጀመሪያ ይህን ልበልህ።

የምሠራበትን ሎጅ በክረምት ታውቀዋለህ፤ ጉሙ ከጫካው ወጥቶ በረንዳው ላይ ይተኛል። እንግዶቹ ወደ ቦንጋ ወርደዋል። የቀረነው እኔ፣ ጥበቃው ጋሽ ተድላና ከእኔ ጋር ይክረሙ ብለህ ያመጣሃቸው እማማ በዛወርቅ ነን። የጄኔሬተሩ ናፍጣ አልቋል፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ጥግ ይዞ ቆሟል። እማማ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበውም ይንቀጠቀጡ ነበር። ልጄ ለብርድ ሰጥቶኝ ሄደ ሲሉ አንጀቴን በሉት።

ትናንት ከሰል አቀጣጠልኩ። እናቴ እንዳስተማረችኝ ጭሱ እስኪወጣ፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ደጅ አቆየሁት። ጭስ ከሌለው ምን ያደርጋል ብዬ ማንደጃውን አልጋቸው አጠገብ አስቀመጥኩ። እማማ ነፋስ እንዴት እንደሚፈሩ ታውቃለህ፤ መስኮቱን አዘጉኝ፣ ስወጣም የበሩን ሥር በነጠላ አስደፈኑኝ። እኔም አጥብቄ ደፈንኩት፣ ኢሳያስ። በገዛ እጄ።

ከሰዓት ሾርባ ይዤ ስገባ ክፍሉ ሞቋል፤ ደስ አለኝ። ጠራኋቸው። ትከሻቸውን ስነካ አንገታቸው ዘንበል አለ። ሾርባው የት እንደወደቀ አላውቅም። ጋሽ ተድላ ጩኸቴን ሰምተው ሮጠው መጡ።

"ከሰሉ ነው ልጄ፤ እግራቸውን ያዢ፣ እናውጣቸው።"

ዝናቡ ይወርዳል። ብርድ ይመታቸዋል ብዬ በሩ ላይ አመነታሁ። አስበው እስቲ፣ እየሞቱ እኔ ስለ ብርድ እጨነቃለሁ። በረንዳው ላይ አስተኝተናቸው ጆሮዬን አፋቸው ላይ ብደቅን የምሰማው ዝናቡን ብቻ ነበር። ለአንተ ምን ብዬ እንደምነግርህ አሰብኩ። ከዚያ አስመለሳቸው። በዕድሜዬ እንደዚያ ያስደሰተኝ ነገር የለም።

ነርሷ ኑኃሚን ከጤና ጣቢያው በጭቃው በእግሯ መጣች። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም አለችኝ፤ ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ብላ ጀምራ ተወችው። ቦንጋ ሆስፒታል ይታዩ ብትልም እማማ በጄ አላሉም።

አሁን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ከሰሉ ነው ብንላቸው አያምኑም፤ የመታኝ በሩን ስትከፍቱ የገባው ነፋስ ነው ይላሉ። ዛሬ ጠዋት ማንደጃውን ራሳቸው ሲጎትቱ ደረስኩባቸው። ክብሪቱን ሁሉ ለቅሜ ለጋሽ ተድላ ሰጠሁ።

"ልጄ ቢኖር እሳት አይከለክለኝም ነበር" አሉኝ።

ምራታቸው ነኝና ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝም። አንተን ግን ይሰማሉ። ና፤ ሆስፒታል ውሰዳቸው። እኔ ዛሬ ሥራ የለኝም፤ በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እንዳይዘጉት። ሸለብ ባደረጋቸው ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል፤ እየቀሰቀስኩ አስመረርኳቸው።

አሁንም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቆይ፣ ሳልፈርም አንዴ ልቀስቅሳቸው።

ሰደቡኝ። ተመስገን።

ቶሎ ድረስልኝ።

ፍቅርአዲስህ