የሽማግሌው ጥሪኝ ዘጠነኛ ቀን

ለውድ ወንድሜ ለባስልኤል፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ጉልበትህስ ተሻለህ? የድሬዳዋ ሙቀት ቤተሰቡን እንዴት አድርጓቸዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ መነጽሬን ለውጬ ይኸው መስመር ሳልስት እጽፋለሁ። በስልክ የምትልከውን ቁርጥራጭ ቃል እንደ ደብዳቤ አልቆጥረውም፤ መልስህን በወረቀት እጠብቃለሁ።

ጎረቤታችን አቶ ፈንታው እንደ አባታችን እንደ አባባ ጥሪኝ ይጠብቁ እንደነበር ታውቃለህ። ዓይናቸው ሲደክም ሥራውን ተዉና አንድ ሽማግሌ ጥሪኝ ብቻ ቀረ። ዕድሜውን የጨረሰው መዞሪያ በሌላት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፤ በየዘጠኝ ቀኑ ጅራቱ በሳጥኑ ፍርግርግ ይሳብና ለሽቶ የሚሸጠው ዝባዱ በቀንድ ማንኪያ ይፋቃል። የእንስሳት ሐኪሟ ሐፍሳ፣ ጥርሱ ስላለቀ ጫካ ቢለቀቅ አይድንም አለች። ስለዚህ ፈቃድ አውጥተን ከጓሮዬ ቡና ሥር ሰፊ አጥር አጠርንለት። በራሱ መብላት ከጀመረ ይኖራል፣ አለዚያ ተስፋ አታድርጉ ብላ አስጠነቀቀችን።

መጠጊያ ይሁነው ብዬ ሳጥኑን በሩን ከፍቼ አጥሩ ውስጥ ማስቀመጤ የእኔ ስህተት ነው። አምስት ቀን አፍንጫውን እንኳ አላወጣም። አቶ ፈንታው ደግሞ ጥሪኝ የእንግዳ ዓይን ካረፈበት ዝባዱ ይደርቃል የሚሉት ነገር አልለቃቸው ብሎ፣ ሐፍሳን ጀርባዋን አዙራ እንድትመረምር ለመኗት። እርሷም «አባባ፣ ጀርባዬ ሕክምና አልተማረም» አለቻቸው።

በስድስተኛው ቀን ወጥቶ የወደቀ ቀይ ቡና ለቅሞ በላ። በዚህ ዕድሜዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ግን ማንም ሳይጠራው ሳጥኑ ገባ፤ ጀርባውን ለፍርግርጉ ሰጥቶ፣ ጅራቱን አንስቶ ቆመ። የአቶ ፈንታው እጅ ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ ማንኪያዋ ዛሬም እዚያው ናት። «እትዬ፣ ልማድ ነው» አሉ አፍረው። እርሱም የቆመው ልማድ ሆኖበት መሆኑን ነገርኳቸው። ጥሪኙ እህል ሳይቀምስ ዋለ። አመሻሹ ላይ ውኃ ሊጠጣ ሲወጣ፣ አቶ ፈንታው መጥረቢያ አምጥተው ሳጥኑን በገዛ እጃቸው ፈለጡት።

በቀጣዩ ዘጠነኛ ቀን ጥሪኙ ሳጥኑ የነበረበትን ቦታ ዞረው። ፍርግርጉን ሲያጣው ወደ ትልቁ ቡና ሄደና ዝባዱን ራሱ ግንዱ ላይ አሽቶ ቁርሱን ቀጠለ። አቶ ፈንታው ጠጋ ብለው አሸተቱና «ስንት ዘመን የለፋሁበት ዝባድ ለቡና ተቀባ» ብለው ሳቁ። አሁን ሁሉንም ግንድ እየቀባ በጠረኑ ልብስ ማስጫዬን ወደ ደጅ አስወጥቶኛል።

ባስልኤል፣ በሰባት ዓመትህ የአባባን ጥሪኝ ከሳጥኑ የለቀቅኸው አንተ መሆንህን ለአባባ የተናገርኩት እኔ ነኝ። በቀበቶ ስትገረፍ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ደብተራችን የሚገዛው በዝባዱ ነውና ይገባዋል ብዬ ስድሳ ዓመት ኖርኩ። ስህተት አይቼ ሳላርም እንደማላልፍ ታውቃለህ። ያን ቀን ልክ አንተ ነበርክ። የጥሪኙን ስም የማውጣት መብት ላንተ ተቀምጧል፤ እስካሁን ማንም እንዲሰይመው አልፈቀድኩም።

ባለቤትህን ሩሐማን ስለ እኔ ሳምልኝ፤ የላከችው ነጠላ ልኬ ነው። የልጅ ልጃችን ሐሴት ለጥናቷ እንድትተጋ፣ ስሙንም በመምረጥ እንድትረዳህ ንገራት። አቶ ፈንታውም ሰላም ብለውሃል።

እህትህ እታገኝ
ቴፒ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.