ቃጭሉ ተገኘ፣ ላሟስ?

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ ፈሪድ፤ በሰው አገር አላህ ይጠብቅህ። ጉልበትህስ? ሐኪሞቹ የተጎዳውን ይጠግናል ብለው የከተቱልህ ስቴም ሴል ቦታውን ያዘ?

እኛ ደህና ነን። ማሽላው አሽቷል፤ ዋጃም ቆቦም ዘንቧል። ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ሀስና ናት፤ ከተመረቀች ወዲህ ያንተን ሕክምና ስታነብ ትውላለች። «እማ፣ ሴሉን ከመውጋታቸው በፊት ደቃቅ ብረት ያስይዙታል። ጉልበቱን በኤምአርአይ መሣሪያ ሲያነሱት ብረቱ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የት እንዳለ በእሱ ያውቃሉ» አለችኝ።

«ላም ላይ ቃጭል እንደማሰር ነዋ!»

«አዎ። ግን ሴሉ ሞቶ፣ ብረቱን ሌላ ሴል ሊውጠው ይችላል፤ ፎቶው ላይ ግን ያው ጥቁር ነው።»

ይኼኔ ላማችን ዳለቻ ትዝ አለችኝ። የጠፋችብን ጊዜ «ቃጭሏን ሮቢት ከተማ ሰማን» ቢሏቸው፣ አባትህ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ አንተን በትከሻቸው ይዘው ሄዱ። ቃጭሉ የእኛ፣ ላሟ የሰው ሆና ተገኘች! አንተ ግን «ድምፁ የዳለቻ ነው» ብለህ፣ የሰው ላም አቅፈህ አልመለስም አልክ። ዛሬም ሳስታውሰው እየሳቅሁ እንባዬ ይመጣል።

እናም ልጄ፣ የጉልበትህን ፎቶ ለሀስና ላክላት፤ ጓጉታለች። እኔ ግን ወንበር ላይ ሆነህ እንደምትሰግድ ከነገርከኝ ወዲህ የምጠብቀው ሌላ ነው። ሱጁድ ወርደህ ግንባርህ ምንጣፉን የነካ፣ ያለ ሰው እጅም የተነሳህ ቀን፣ ያንን ጻፍልኝ። አብሽር፤ ዱዓዬ ካንተ ጋር ነው።

እናትህ