ቁጥር ሰባት ማን ናት?

ቡሬ፣ ግንቦት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለያምሮት፤

እንዴት ሰነበትሽ የኔ ሊቅ? ዩኒቨርሲቲው ይመግብሻል ወይስ አሁንም ወረቀት እያመነዠክሽ ነው የምታድሪ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ «የምታገባው መቼ እንደሆነ ጠይቅልኝ» ብላኛለች። ይኸው ጠየቅሁ፤ መልሱን ለእሷ ጻፊ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን ቴሌ ወረፋ የሚይዘው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነው። ስለዚህ ጽፌ ለአውቶቡሱ ሾፌር ለእጅጉ ሰጥቼዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ስለ ገበሬ ማኅበራችን አጥንተሽ ለአባላቱ ምስጋና ብለሽ የላክሽውን የአማርኛ ማጠቃለያ፣ ሊቀመንበሩ ዳኘው ሰኞ ዕለት ለኮሚቴው ጮክ ብሎ አነበበው። ሠላሳ ስድስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝግ አለ። «ቁጥር ሰባት፣ ባሏ የሞተባት፣ የአራት ልጆች እናት፣ ከወንዙ ማዶ የምትኖር፣ ምርጥ ዘር ለሊቀመንበሩ ዘመዶች ቀድሞ እንደሚታደል በራሷ ተነሣሽነት በስብሰባ ተናግራለች።»

ያምሮት፣ ስሟን ደብቀሽ ቤቷን በጣትሽ አሳየሽ። ከወንዙ ማዶ ባሏ ሞቶባት አራት ልጅ የምታሳድግ ከአቻምየለሽ በቀር ማን አለ? አዲስ አበባ ላይ ይህ መደበቅ ይባል ይሆናል። እዚህ የሷ ዶሮዎች እንኳ አንብበው ይለዩዋታል።

ዳኘው መነጽሩን አወለቀና «ቁጥር ሰባት ማን ናት?» አለ። ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱም ያውቃል። በአፋችን እንድናወጣት ነው የፈለገ። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው፤ ከማኅበሩ የተሰረዘ ሰው ደግሞ የበቆሎ ዘር አያገኝም። ተነሣሁና «እኔ ነኝ» አልሁ።

«እርስዎ?» አለኝ። «ለመሆኑ ባልዎ መቼ ነው የሞተ፣ አቶ ወንዳወቅ?»

ኮሚቴው በሳቅ ፈረሰ። እኔም «ልጂቱ እኔን ልትሸሽግ ብላ ቀሚስ አልብሳኝ ነው» አልሁ። እሱ ግን ፈገግም አላለ። «እንግዲያው ልጂቱ በፊርማዋ ታረጋግጥልን» ብሎ ደብዳቤ አስጻፈልሽ። ጉዳዩ እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው ይታያል። እኔንም ከጸሐፊነቴ አንሥቶ ቃለ ጉባኤ ከመጻፍ አሳርፎኛል። ጣቶቼ ደክመው ነበር፤ ደግ አደረገ።

አዳንኋት ብዬ ስጎርር በማግስቱ አቻምየለሽ ደጄ መጣች። በርጩማ ባቀርብላት አልቀመጥም አለች።

«ማን ለምኖዎት ነው?»

«ዘሩ እንዳይቀርብሽ ብዬ ነው።»

«ሦስት ዓመት ዝም ብዬ አንድ ቀን ብናገር፣ እሱንም የእኔ ነው አሉ?»

«ዝም ማለቱ ይሻልሽ ነበር፣ አቻምየለሽ።»

«ዝም ማለቱንማ መች አጣሁት፣ ጋሼ» ብላኝ ሄደች።

እሷ ከሄደች በኋላ ማጠቃለያሽን እንደገና አነበብሁት። መጀመሪያው ላይ «ተመራማሪዋ በስብሰባዎቹ ሂደት ጣልቃ አልገባችም» ይላል። ልጄ፣ አቻምየለሽ በተናገረች ዕለት እኔ እኮ ከኋላሽ ተቀምጬ ነበርሁ። ያን ቀን ዳኘው የፋሲካ ካፖርቱን ለብሶ መጣ። ያለፈው ቃለ ጉባኤ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነበበ። ይህ ሁሉ ለእኔ ውበት የተደረገ አይደለም። አቻምየለሽ ስታመነታም በክርንሽ ነካ አድርገሽ «አሁን ተናገሪ» ስትያት ሰምቻለሁ።

መናገሯ ክፉ ነው አላልሁም፤ መንካትሽም ክፉ ነው አላልሁም። ግን ከወረቀቱ ራስሽን አውጥተሽ እሷን ብቻዋን እዚያው አቆምሻት። የተማርሽው ይህን አድርጊ ይል ይሆናል፤ እኔ ያለ አስተማሪ ፊደል የቆጠርሁ ሰው ነኝ፣ አላውቅም። ብቻ አንቺን ልገሥጽ ብዕር ሳነሣ፣ እኔም ሰኞ ዕለት ቃሏን ከአፏ ወስጄ ሳልጠይቃት የራሴ እንዳደረግሁት ታወሰኝና አፈርሁ።

ስለዚህ የዳኘው ደብዳቤ ሲደርስሽ ቁጥር ሰባት አጎቴ ነው ብለሽም እንዳትጽፊ፣ እሷ ናት ብለሽም እንዳትጽፊ። ቅዳሜ ማለዳ ከእጅጉ ጋር ተሳፈሪና ነይ። እሑድ ደብተርሽን ቤት ትተሽ ከጉባኤው መካከል ቁሚ፤ «ተናገሪ ያልኋት እኔ ነኝ» በይ። ዳኘው የዩኒቨርሲቲሽን አድራሻ ይጠይቅሽ ይሆናል፣ ትምህርትሽንም ሊነካ ይችላል። ይህን አልደብቅሽም። ነይ ብዬ ስጽፍ እጄ ስንት ጊዜ እንደቆመ አንቺ አታውቂም።

አቻምየለሽን ትናንት ገበያ ላይ አግኝቼ እንድትመጪ ልጽፍልሽ እንደሆነ ነገርኋት።

«ትምጣ» አለችኝ። «ባትመጣም እሑድ እነሣለሁ።»

እግዚአብሔር እግርሽንም አንደበትሽንም ያቅናልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ የሚያምኑሽን ሰዎች አያሳጣሽ።

የሚወድሽ አጎትሽ
ወንዳወቅ