ነፍቼ ጨርሻለሁ አለ

ሐምሌ 14 ቀን
ከወንዙ ዳር

ለልጅ ልጄ፣ ለዚያች ነገረኛ፣

እንደምን ከረምሽ? ብርዱ አፍንጫሽን አላቀላውም? እኔ ደህና ነኝ፤ ሞት እንኳ ሲያየኝ «ይሄ ሽማግሌ ይለፈልፍብኛል» ብሎ መንገድ ይቀይራል።

«ጎርፍ ሳይወስዳት እናቴን ከዚያ ቤት አስወጧት» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እሷን ከልብስ ስፌት ሱቋ የሚያስወጣት ገና አልተወለደም። እኔም ጓሮ ካለችው ክፍሌ አልነቃነቅም። ስለዚህ ሌላ መላ ፈለግን፤ እሱን ላጫውትሽ።

የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ፕሮጀክት መጥቶልን ላይኛው ሰፈር፣ ቢሯቸው ጣሪያ ላይ ሳይረን ተሰቀለ። ውሃው ሲሞላ ይጮኻል፣ ሰው ወደ ጉብታው ይወጣል። ከመስቀላቸው በፊት አዳራሽ ሰብስበውን «ሕዝቡ ተሳትፏል» ተባለ። እውነት ነው፣ እጃችን ተሳትፏል፤ አጨበጨብን። የወንዙ ዳር ሰው ግን በሥራ ሰዓት የት ይመጣል? እንደኔ ያለ ሥራ ፈት ነው የሄደው።

ሳይረኑን የምንረከብበት ቀን ሲቃረብ እናትሽ፣ «አሁንስ አዳራሽ አንሄድም። እነሱ ይምጡና እዚህ ሱቄ ውስጥ ይሰብሰቡ» አለች። መልእክተኛው እኔ ነበርኩ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ በር ላይ ተተክዬ፣ ሲገባ ስስል፣ ሲወጣ ስስል፣ ሰውየው ተሸነፈ።

መጣ። ሱፍ ሱሪውን ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየጠበቀ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የሰፈሩ ሰው በሩን ሞላው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል፣ የስፌት መኪናዎቹ ይንጫጫሉ።

«እባካችሁ፣ ልናገር ነው፤ መኪናውን አቁሙልኝ» አለ።

«ጎርፉንም እንዲህ ብለው ይለምኑልናል?» አለች እናትሽ፣ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ።

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ያኔ ወደድኩት።

ባልደረባው ከቢሮ ሆኖ ሳይረኑን እንደሚነፋ፣ እኛም ሰምተን እንደምንመሰክር እየጮኸ ነገረን። ጠበቅን። ሻይ መጣ፤ ጠጣን። ኃላፊው ትዕግሥቱ አለቀና ስልክ ደወለ። «ምን ሆነህ ነው? ሕዝብ እኮ እየጠበቀ ነው! ንፋው እንጂ!» ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። ስልኩን ቀስ ብሎ ከጆሮው አወረደ።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ነፍቼ ጨርሻለሁ አለኝ፣ አባባ። የላይ ሰፈር ውሾች ሁሉ እያላዘኑ ነው አለ።»

እናትሽ ያኔ መኪናዋን አቆመች። «ታዲያ ጌታዬ፣ የተሠራው ለኛ ነው ለውሾቹ?»

ሰበብ ይደረድራል ብዬ ስድቤን አሰናድቼ ነበር። ልጁ ግን ተነሣና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ቢሮዬ ሆኜ ሰማሁና በቃ አልኩ። ርክክብ የለም። የት እንስቀለው?» አለ። ስድቤ ከንቱ ቀረ፤ ላንቺ አስቀምጬዋለሁ።

«የት እንስቀለው» ብሎ የጠየቀን እኮ አልነበረም! ሁሉም ባንድ አፍ ተንጫጫ። በመጨረሻ ሁለተኛ ሳይረን እዚሁ ወንዙ ዳር፣ ወፍጮ ቤቱ አናት ላይ ተተከለ፤ የሚሞከረውም መኪናዎቹ እየሠሩ ነው። ኃላፊው በየወሩ እዚያችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደቀረው ይናገራል። መኪና አይቆምለትም።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ውሃው የምር መጣ። ሳይረኑ ጮኸ፣ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ጉብታው ወጣ። ጥቂት ጨርቅ ተበላሸ እንጂ ሰው አልተነካም። እኔ ጓሮ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን እየቆረጥኩ ሳለ እናትሽ ከመንገድ ተመልሳ መጥታ ክንዴን ጎተተችኝ።

«አባባ፣ አልሰማህም እንዴ!»

«ሰምቻለሁ። ሴቶች ይቅደሙ ብዬ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም መሰለኝ። በማግስቱ ኃላፊውን አስጠርታ፣ ጆሮ የደከማቸውን ቤት ለቤት እየሄደ የሚጠራ ጎረቤት እንዲመደብ አደረገች። እኔም ደገፍኩ፤ ለሌሎቹ ሽማግሌዎች ያስፈልጋል።

እንግዲህ ስለ እናትሽ አትጨነቂ። ስልክ መደወሉንም ተይው፤ የእናንተ አገር መስመር ያንሾካሹካል። ጻፊልኝ።

እግርሽ እንቅፋት አይንካው። ጎረቤትሽ ደግ ይሁን። ስትጣሪ ሰሚ አትጪ።

የሰፈሩ ቆንጆ ሽማግሌ፣
አያትሽ