ከሙሽራዋ የሸሸው ካሜራ

ውድ ስለሺ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሳቅ። ዛሬ ያየሁትን ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር?

አንተን አየሁህ። በሕልም እንዳይመስልህ፣ በፊልም ነው። ከሰዓት በኋላ፣ መሃል ከተማ ባለ ሲኒማ ቤት፣ ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ላይ ትከሻህን ስታንቀጠቅጠው አየሁህ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው የበረዶ ወራት ነው። ዮዳሄ የምትባል ልጅ ደወለችልኝ። እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር የተወለደች፣ አማርኛዋ ሰባራ ሰንጣራ የሆነ፣ ፊልም የምትሠራ ልጅ ናት። የኛን ሰው የድሮ የሠርግ ካሴት ከየቤቱ ስትሰበስብ ከርማለች።

«ጋሼ፣ እነዚህን ሠርጎች ሹት ያደረግከው አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ። አንቱታ የሚባል ነገር አልነካካትም።

«አዎ፣ ምነው?»

«ካሜራው ሁሌ ብራይዷን ትቶ ይሄዳል። ሁሌ ወደ አንድ ሰው። ሰውዬው ማነው?»

እዚያው ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ያላየውን ይህች ከእንቁላሏ ያልወጣች ልጅ አየችው።

መቼም አትረሳውም፤ በየቅዳሜው ያን ከባድ ካሜራ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ የኖርዝ ዮርክን አዳራሾች ስዞር። አንተ ካልጨፈርክ ሠርግ አይደምቅም ተብሎ ትጠራለህ። እኔ ሙሽሮቹ ላይ እጀምራለሁ፣ ከበሮው ሲመታ እጄ በራሱ ጊዜ ይዞራል። ኬክ ሲቆረስ አንተ፣ የወላጅ ጉልበት ሲሳም አንተ። የኛ ሰው ግን አንድም ቀን አልጠረጠረም። እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንገባ «ጓደኛሞች ሲዋደዱ ደስ ሲል» ነበር የሚለው፤ በኛ ደንብ ወንድና ወንድ እጅ ለእጅ ቢያያዝ ምን አለበት? ቶሎ የሚገባው ፈረንጁ ነበር። ስለዚህ ስትሪትካር በሚሉት የከተማ ባቡር ላይ እጄን ትለቀኝና ሀበሻ መሃል ስንደርስ መልሰህ ትይዘኛለህ። ሌላው ሁሉ የሚሸሸው ከወገኑ ነው፣ እኛ ወገን መሃል ነበር የምንደበቀው።

ለዮዳሄ ሁሉን ነገርኳት፤ ስትሰማኝ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሱን አሳዪ፣ የእኔን ስም ግን እንዳታነሺ ብዬ አስማልኳት። ምን ላድርግ፣ የምኖረው የኛ ሰው በሞላበት ፍሌሚንግደን ፓርክ ነው። ሊፍት ውስጥ የሚያጋጥመኝ ሰው ግማሹ የጽዋ ማኅበርተኛዬ ነው፤ ስታመም ሾርባ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። በስተርጅና ያንን ማጣት ፈራሁ።

ፊልሙ የታየው እንግዲህ በጌዮች የፊልም ፌስቲቫል ላይ ነው። ዳር ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ማን ዱብ ቢል ጥሩ ነው? የኔነሽ። ኬኳን ስትቆርስ ካሜራው ጥሏት የሄደው ሙሽራ። የሠርጓን ካሴት ለዮዳሄ የሰጠችው እሷ ናት፤ «ሠርግሽ ሲኒማ ሊወጣ ነው» ሲሏት ሌላውን ነገር ሳትሰማ ተሽቀርቅራ መጥታለች። «ዛሬ እንኳ ሰው ፊት ታፍራለህ» ብላ በክርኗ ነካችኝ። ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ ባገኘችኝ ቁጥር ካሜራ መያዝ እንደማልችል ሳትነግረኝ አልፋ አታውቅም።

መብራቱ ጠፋ። ስለሺዬ፣ የልጅቱ ሥራ አፍ ያስከፍታል። አንዲት ሙሽራ፣ ከዚያ አንተ። ሌላ ሙሽራ፣ ከዚያ አንተ። ቬሎው ይቀያየራል፣ አዳራሹ ይቀያየራል፣ አንተ ግን እዚያው ነህ። ቀስ በቀስ እየከሳህ መጣህ። በመጨረሻው ሠርግ ኮቱ ሰፍቶብሃል፣ ትከሻህ ግን አልደከመም። ከዚያ ጭፈራውን ገታ አድርገህ በቀጥታ ካሜራውን አየኸው። እኔን አየኸኝ። ያ አስተያየት ለእኔ ብቻ የነበረ ነው፤ ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ሰው አየው፣ እና ማንም አልሳቀም።

በዚህ መሃል ስክሪኑ ፊት ልጆች ወጡ። እዚሁ የተወለዱ የኛ ልጆች ናቸው፤ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰ ወንድ አለ፣ በሙሉ ልብስ የመጣች ሴት አለች። ያንተን እስክስታ ከካሴቱ አጥንተውታል። አንገትህን ሰበር አድርገህ ቆም የምትላትን እንኳ አልሳቷትም። አንተ ከኋላ፣ እነሱ ከፊት፣ አንድ ላይ ወረዳችሁት። ያን ያህል ሰው የኛን ዘመን በአካል ተሸክሞ ሲጨፍር ሳይ፣ አምላኬ ሆይ ይህን ልታሳየኝ ነው ያቆየኸኝ አልኩ።

ሲያልቅ አንዲት ወጣት እጇን አወጣችና በእንግሊዝኛ ጠየቀች። «ካሜራውን የያዘው ማነው? በሕይወት አለ?»

«ቃል ገብቻለሁ፣ መናገር አልችልም» አለች መድረክ ላይ የቆመችው ዮዳሄ። ወደ እኔ እንኳ አልዞረችም።

የኔነሽ ግን ዞረች። ካሜራውን ማን እንደያዘ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? ነገሩ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። በአንድ ቃል ልታጋልጠኝ ስትችል ዝም አለች።

ተነሣሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ፤ በአማርኛ ነው የወጣኝ። ቀጥዬ በእንግሊዝኛ፣ «ባስልኤል እባላለሁ። ስለሺን እወደው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ» አልኩ። አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ።

የኔነሽ አላጨበጨበችም። ስቀመጥ፣ «እኔ ይሄን ነገር አልባርክም» አለችኝ።

«አትባርኪው» አልኳት።

«ቀብሩ ላይ ነበርኩ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ለለቀስተኛው ውሃ ስታቀብል አስታውሳለሁ።»

እውነቷን ነው። ያን ቀን ሰው ሁሉ ተሰልፎ እጅ የነሳው ለአጎትህ ልጅ ነበር። እኔ የጠርሙስ ውሃ ይዤ ከሰው ሰው ስል ዋልኩ፤ አንድም ሰው ምን ሆንክ አላለኝም፤ ምኔ እንደሞተብኝ የሚያውቅ አልነበረም።

የኔነሽ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ መልሳ ለበሰችው። ያ ሁሉ ወጣት እየተሳሳቀ በሚወጣበት መሃል ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችኝ።

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ እሷም እስኪበቃኝ አብራኝ ተቀመጠች። ነገ ሊፍት ውስጥ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም። ዮዳሄን ግን ስሜን ፊልሙ ላይ ከስምህ ቀጥሎ አስገቢው ብያታለሁ።

ነፍስህን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ።

ሐዘንተኛህ፣
ባስልኤል